የመንዙን አውራ ማን አሳረደው?

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ከመሐል ሜዳ ደወሉልኝ። የዘመድ አዝማዱ ጤና፣ የዝናቡ ነገር፣ የማዳበሪያው ዋጋ በየተራ ከተነሣ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ ደግሞ ለኤግዚቢሽን በግ አምጡ እያሉን ነው። እንደዚያኛው ነው ወይስ ሌላ ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «እንደዚያኛው» የሚሉትን ያመጣሁባቸው እኔው ነኝ። «ጠይቄ ልንገርዎ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። በ2011 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ግድም ሲቀረው እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የእርሻና የእንስሳት ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር። የአዘጋጁን ስም አልጠራም። ክስ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ (ብፈራስ ማን ይፈርድብኛል?)፤ ጥፋቱ የአንድ አዘጋጅ ብቻ ስላልሆነ ነው። ማስታወቂያው «ምርጥ የሀገራችን አውራ በግ ይሸለማል» ይላል። እኔም «የሀገራችን» የምትለዋን ቃል አምኜ አጎቴን ወተወትኳቸው። እምቢ አሉ። ደግሜ ወተወትኳቸው። «የትራንስፖርቱን አዘጋጁ ይችላል» ተብያለሁና እሱንም ነገርኳቸው። በመጨረሻ «እሺ፣ አንተ ካልክ» አሉ።

አጎቴ በጊዜው አንድ ቦቃ አውራ ነበራቸው። ጠጉሩ ጥቁር ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ሄዶ ተጠማዝዞ ወደ ጉንጩ የተመለሰ፣ ላቱ ሰፋ ብሎ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ የመንዝ በግ ነው። የሰፈሩ ሰው እናት በጎቹን እየነዳ ለዚህ አውራ ያመጣ ነበር። ስንቴ ነጋዴ መጥቶ ለበዓል ሲጠይቃቸው «ዘሬ ነው፣ አይሸጥም» ብለው መልሰዋል። መንዝ ውስጥ እንዲህ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት የልጅ ደብተር፣ የዘይት፣ የጨው፣ የመድኃኒት ገንዘብ የሚወጣው ከበግ ነው። አውራን ሦስት ዓመት ሳይሸጡ ማቆየት ማለት ሦስት ዓመት ሙሉ ኪስ ውስጥ ያለን ገንዘብ አለመንካት ማለት ነው።

ጉዞው ሌላ ታሪክ ነው። ከመሐል ሜዳ በአይሱዙ ተጫንን። አጎቴ ጋቢና ግቡ ቢባሉ «ቢወድቅብኝስ» ብለው ኋላ ከበጉ ጋር ተቀመጡ። የጣርማ በር ብርድ ሲመጣ የለበሱትን ባና አውልቀው አውራው ላይ ጣሉበት። ባናው ራሱ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ደብረ ብርሃን አደርን፣ በማግስቱ ኬላ ላይ የጤና ወረቀት ተጠየቅን፣ አሳየን፣ «ማኅተሙ አይታይም» ተባልን፣ ተለማመጥን፣ አለፍን። መኪናው፣ ማደሪያው፣ ድርቆሹ፣ የጫኝና አውራጁ ተደማምሮ ሁለት ሺህ ብር ሊሞላ ምንም አልቀረው። አዘጋጁ እችላለሁ ያለው ትራንስፖርት እስከ ዛሬ ድረስ አልተከፈለም።

በሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል፣ ማርሽ ባንድ ይነፋል። የእኛ ጋጣ መጨረሻ ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው። መግቢያው ላይ፣ ካሜራ በሚቆምበት፣ ከአንድ የማድለቢያ ድርጅት የመጣ ክልስ አውራ ቆሟል። ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ጠጉሩ አጭር፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ። የሚያምር በግ ነው፣ አልዋሽም። ፉርሽካና ፋጉሎ እየበላ፣ በጣሪያ ሥር እያደረ ያደገ መሆኑን ጠባቂው ራሱ በኩራት ነገረኝ።

ዳኞቹ መጡ። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ባለሙያ ቅጽ ይዟል። ቅጹን አሻግሬ አየሁት፤ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ጤንነት ይላል፣ አለቀ። የበጎቹ ዝርያ ብዙ ቢሆንም ውድድሩ አንድ ነው፤ የመንዙም፣ የወሸራውም፣ የቦንጋውም፣ ከውጭ የተዳቀለውም በአንድ ሚዛን ላይ ይወጣል። ክልሱ 58 ኪሎ መዘነ። የአጎቴ አውራ 31 ኪሎ።

ወጣቱ ሚዛኑን አየና «አባባ፣ ስንት ዓመቱ ነው?» አላቸው።

«አራተኛውን ይዟል።»

«አራት ዓመት በልቶ 31 ኪሎ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝና ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። አጎቴ «ምን አብልቼው!» አሉ፤ እሳቸው አልሳቁም።

አንደኛ የወጣው ክልሱ ነው። ሽልማቱ ፍሪጅ ነበር። (አጎቴ ቢያሸንፉ ኖሮ መብራት በሌለበት ቀበሌ ያን ፍሪጅ ምን ሊያደርጉበት እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ። የገብስ ጎተራ ይሆን ነበር መሰለኝ።) ከሰዓት በኋላ ከግቢው ስንወጣ የበግ ነጋዴዎቹ በሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ፋሲካ ደርሷላ! አንዱ የቦቃውን ላት ጨበጥ ጨበጥ አደረገና አራት ሺህ ብር አለ። አጎቴ ዞረው እኔን አዩኝ። መመለሻ የበጉን ጭነትና የራሳቸውን ቲኬት እያሰሉ እንደሆነ ገብቶኛል። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «ሰው የሳቀበትን በግ ተሸክሜ ቀዬዬ አልመለስም» አሉና ገመዱን ሰጡት።

ሦስት ዓመት ሙሉ ነጋዴ ሁሉ ያላስፈታውን አውራ፣ «ምርጥ አውራ ይሸለማል» ያለ ኤግዚቢሽን በአንድ ቀን አስፈታው። የፋሲካ ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ የአንዱ ቤት ዶሮ ወጥ ማጀቢያ ሆኗል። ማን አሳረደው? ነጋዴው ሥራውን ነው የሠራው። በልቶ ያደረውም ሰው ገንዘቡን ከፍሏል።

እስቲ ሚዛኑን ራሱን እንመዝነው።

የመንዝ በግ ለምን ትንሽ ሆነ? ባለቤቱ ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚል ባለሙያ አጋጥሞኛል፤ ዲግሪውን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩትም። ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት፣ በበጋ ሣሩ ተግጦ አፈሩ በሚታይበት ሜዳ የሚኖር እንስሳ ትልቅ ሆድ ቢኖረው በምን ይሞላዋል? ገላው አነስ ይላል፣ ጠጉሩ ይበዛል፣ ሲጠግብ ያጠራቀመውን ስብ በላቱ ይዞ በችግር ጊዜ ይበላዋል። ይህ የኔ ፍልስፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝን በግና ከወለጋ የመጣውን የሆሮን በግ ጎን ለጎን አርብቶ አጥንቷል። ሆሮ በገላ ይበልጣል፤ በኤግዚቢሽኑ ሚዛን ቢወጣ መንዝን ያሸንፈዋል። ነገር ግን በዚያ ደጋ፣ በዚያ የሆድ ትል መካከል፣ የሆሮ ግልገሎች ይበልጥ ሲሞቱ የመንዞቹ ተረፉ። ሆሮ መጥፎ በግ ነው ማለት ነው? አይደለም፤ በሀገሩ በሆሮ ጉድሩ ጌታ ነው። ሁለቱም ሀገር በቀል ናቸው፣ ሁለቱም ቦታ አላቸው። ሚዛኑ ግን ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም። የሞተ ግልገልም አይመዝንም።

«የውጭው ይሻላል» የሚለው በሽታ ደግሞ የዛሬ አይደለም፣ የዛሬዎቹን ባለሥልጣኖች ብቻ ብወቅስ ውሸታም እሆናለሁ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሜሪኖ፣ ኮሪዴል፣ ሃምፕሻየር፣ ሮምኒ እየተባለ ስንት ዓይነት በግ ገብቷል። የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ገበሬው ኮሪዴሉንና ሃምፕሻየሩን አልወደደላቸውም፤ ጅራታቸው ቀጭን ነው፣ ላት የላቸውም። ላት የሌለውን በግ ገበያ ላይ ማን ይገዛል? ይህን ለማወቅ አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ መዋል ይበቃ ነበር። ቀጥሎ በደርግ ዘመን ላት ያለው አዋሲ ከእስራኤል መጣ። አዋሲው ተወደደ፣ ክልሶቹም በገላ በልጠው ታዩ። ደህና! ነገር ግን ከበጎቹ ጋር የመጣ የሚመስል ሌላ እንግዳ ማዕከሎቹ ውስጥ ተገኘ፤ ማኤዲ ቪስና የሚባል የበግ በሽታ። ሳንባን ቀስ በቀስ የሚያፍን፣ ገላን የሚያመነምን፣ መድኃኒትም ክትባትም የሌለው ነው። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጓያ ማዕከላት በሽታው በመታየቱ አውራ ክልሶችን ለገበሬው ማከፋፈሉ ለዓመታት ተቋርጦ ቆይቷል።

ስለዚህ በሽታ ሳነብ አንድ የገረመኝን ነገር ላካፍላችሁ። ስሙ ሁለት የአይስላንድ ቃል ነው። አይስላንዶች እ.ኤ.አ. በ1933 በጎቻቸውን «ሊያሻሽሉ» ከጀርመን 20 የካራኩል በጎች አስገቡ። ሃያ ብቻ! ጤነኛ ይመስሉ ነበር፤ ይዘውት የመጡት በሽታ ግን የሀገሩን በግ ፈጀው። አይስላንድ በሽታውን ያጠፋችው ያልታመመውን ጭምር አካባቢ እያጸዳች በማረድ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1965 ድረስ ሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀባት። እነሱ ግን አንድ ያደረጉት ነገር አለ። ባዶ የቀረውን አካባቢ መልሰው የሞሉት በሽታው ካልደረሰበት ወረዳ ባመጡት በራሳቸው በግ ነው። የራሳቸውን በግ አስቀድመው በካራኩል ለውጠው ቢሆን ኖሮስ?

የእኛ ሰዎች ከዚህ ምን ተማሩ? በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ርዳታ በሚካሄድ ፕሮግራም ዶርፐር የሚባል በግ ከደቡብ አፍሪካ ገባ። ያ መግቢያው ላይ የቆመው ራሰ ጥቁር አሸናፊ የዚህ ዘር ነው። ዶርፐር ለቆላና ለማድለቢያ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እኔ የበግ ዘረኛ አይደለሁም። አዲስ አበቤ ሥጋ ይፈልጋል፣ ሀገሪቱ ዶላር ትፈልጋለች፣ የማድለቢያው ባለሀብትም ሠርቶ መብላት አለበት። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ሲታወጅም ሰው ጠግቦ ይደር መባሉን የሚቃወም ጤነኛ የለም። የኔ ጠብ ክልሱን «የሀገራችን ምርጥ አውራ» ብሎ ዘውድ ከሚጭን ዳኛ ጋር ነው።

«ለመሆኑ የመንዝ በግ መቼ ብርቅ ሆነና?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቆጠራ በሀገሪቱ ከ40 ሚሊዮን በላይ በግ እንዳለ፣ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ሀገር በቀል እንደሆነ ይናገራል። ግን 40 ሚሊዮን በግ አንድ ዘር አይደለም። የዘረ መል ተመራማሪዎች ከአሥር የማያንሱ ስም ያላቸውን በጎች አጥንተው ለይተዋል፤ መንዝ፣ ሰቆጣ፣ ፋርጣ፣ ወሸራ፣ ሆሮ፣ ቦንጋ፣ አፋር፣ ጉሙዝ፣ አርሲ ባሌ እያለ ይቀጥላል። ከእነዚህ ውስጥ በጥቂት ወረዳ ብቻ የቀረ አለ። በደባርቅና በጃናሞራ ተራራ ላይ የሚገኘው የሰሜን በግ ከደጋ በጎቻችን ገላው ትልቅ ነው፤ ግን ስንቶቻችን ስሙን ሰምተናል? የሰሜን ቀበሮና ዋልያን ቴምብር ላይ አትመናል። ጎረቤታቸውን በግ ግን ቅቤ ነስንሰን ጠብሰን ነው የምናውቀው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በወር አንድ የቤት እንስሳ ዝርያ እየጠፋ ነው ብሏል። ሲጠፋ ማንም ቀብር አይወጣም፤ በጉ እኮ አለ፣ ሜዳው ላይ ይታያል፣ ብቻ ያኛው አይደለም።

ከክልሱም በላይ የሚያስፈራው ግን የራሳችን ገበያ ነው፣ ይህን ጥፋት ደግሞ ሁላችንም በልተነዋል። ጥሩ ጠቦት ፈጥኖ ያድጋል። ፈጥኖ ስላደገ ለእንቁጣጣሽ ወይ ለገና ደርሶ ይሸጣል፣ ወይ ተቀጥቅጦ ሙክት ይሆንና ለፋሲካ ይሄዳል። መንጋው ውስጥ የሚቀረው ማን ነው? ገበያ ያልፈለገው፣ ቀጭኑ፣ ዘግይቶ ያደገው። እናት በጎቹን የሚያጠቃውም እሱ ነው። ይህ ስንት ዓመት ሲደጋገም በጉ ቢያንስ ይገርማል? እንግዲህ «አራት ዓመት በልቶ 31 ኪሎ?» ብለን የምንስቅበት በግ፣ አባቶቹን እኛ ራሳችን በየበዓሉ የበላንበት በግ ነው። አጎቴ ቦቃውን አልሸጥም ማለታቸው ለዚህ ነበር። የዘር ሳይንስ የሚባለውን በስሙ አያውቁት ይሆናል፤ ሥራውን ግን ሠርተውታል።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፣ እዚያው መንዝ ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የእኛ ምርምር ማዕከላት ከዓለም አቀፍ ተቋማትና ከአንድ የኦስትሪያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የገበሬውን በግ በገበሬው እጅ የማሻሻል ሥራ ጀምረዋል። አሠራሩን ስሙልኝ። የሚወለደው ግልገል ይመዘገባል፤ እናቱ ማን ናት፣ መቼ ተወለደ፣ ስድስት ወር ሲሞላው ስንት መዘነ። ከዚያ በምርጫ ቀን ጠቦቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ መዝገቡ ይታያል፤ የማን ልጅ፣ እንዴት አደገ የሚለው። በመዝገብ ያለፉትን ደግሞ ገበሬዎቹ የመረጧቸው ሽማግሌዎች ዞረው ያያሉ፤ ቁመናውን፣ መልኩን፣ ቀንዱን፣ ላቱን። የተመረጠው አውራ አይሸጥም፣ በቡድን ይያዛል፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝ ከቡድን ቡድን ይዞራል። ያልተመረጠው ተቀጥቅጦ ይደልባል ወይም ገበያ ይወጣል። በአንዳንዱ ቦታ ጥሩ አውራ ላመጣ ሽልማትም ነበረው።

ይኸ ውድድር አይደለም እንዴ? ነው እንጂ! ሚዛንም አለበት። ብቻ ጠቦቱ የሚወዳደረው እዚያው ሜዳ ላይ ያንኑ ሣር ከበላው ከአክስቱ ልጅ ጋር ነው፤ ያሸነፈው ደግሞ ይኖራል። አዲስ አበባ ላይ ያሸነፈው ፍሪጅ ይወስዳል፣ የተሸነፈው ቢላዋ ይጠብቀዋል።

ፈረንጁን ስንቀዳ እንኳ አጣርተን አንቀዳም። እንግሊዞች የበግ ውድድርን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አውቀውታል፤ በእነሱ የእርሻ ትርዒት ላይ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ክፍል አለው። ትንሹ የተራራ በግ ከትልቁ የሜዳ በግ ጋር አይመዘንም፤ ዳኛው የሚጠይቀው «ይህ በግ ለዘሩ ምን ያህል ጥሩ ምሳሌ ነው?» ብሎ ነው። እነሱም ቢሆኑ ይህን የተማሩት ከከሰሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ 26 ሀገር በቀል የቤት እንስሳ ዝርያ ጠፍቶባቸው ነው እ.ኤ.አ. በ1973 ብርቅዬ ዝርያዎችን የሚታደግ ማኅበር ያቋቋሙት። ከዚያ በፊትም የነቁ ነበሩ። የልጆች ተረት በመጻፍ የምትታወቀው ቢያትሪክስ ፖተር፣ ያቺ የጥንቸሉ የፒተር ደራሲ፣ በመጽሐፏ ገንዘብ በሰሜን እንግሊዝ ተራራማ አገር እርሻ እየገዛች ኸርድዊክ የሚባል ትንሽ የደጋ በግ ታረባ ነበር። በየትርዒቱ በጎቿን ይዛ እየቀረበች ተሸልማለች። እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሞት ከአራት ሺህ ኤከር በላይ መሬት ለሕዝብ ቅርስ ድርጅት ተናዘዘች፣ እርሻው ላይ የሚረባው በግ ኸርድዊክ እንዲሆንም አዘዘች። ኸርድዊክ በሥጋ ብዛት ዶርፐርን አያሸንፍም። ማንም አሸንፍ አላለውም። ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ።

የእኛ ሀብታሞች ለበግ ይናዘዙ አልልም፣ ለሰውም አልተናዘዙ። ከኤግዚቢሽን አዘጋጆች የምጠይቀው ግን ብዙ ወጪ የለውም። ለየዘሩ የየራሱ ክፍል ይከፈት፤ ክልሱም የክልስ ክፍል ይኑረው፣ እዚያ ይሸለም። ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ትጨመር፤ «ስንት ልጆች አሉት?» እና «ልጆቹ ስንቱ በሕይወት አሉ?» የምትል። ከዳኞቹ መካከል ጋውን ያለበሱ፣ በግ ጠብቀው ያደጉ ሰዎች ይቀመጡ፣ ሴቶችም ጭምር፤ ጠጉሩን ፈትለው ባና የሚያስሠሩት፣ የታመመ ግልገል እሳት ዳር ይዘው የሚያድሩት እነሱ ናቸውና። ሽልማቱም ግማሹ ዘንድሮ ይሰጥ፣ ግማሹ በዓመቱ አውራው በሕይወት እንዳለ ሲታይ ይከፈል። ፍሪጁን ለራሳቸው ያስቀሩት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ትራንስፖርት እንችላለን ያሉትን ይቻሉ!

ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ሲያልቅ መሆን የለበትም። በግ የተራበ ከተማ መሐል፣ ለበዓል ሳምንታት ሲቀሩት፣ የመመለሻ ገንዘብ የሌለውን ገበሬ ከነአውራው አምጥቶ በር ላይ ነጋዴ ማሰለፍ ምን ይባላል? ሆን ተብሎ ነው አልልም። ግን ሆን ብሎ የመንዝን አውራ አሟጥጦ ሊጨርስ የፈለገ ጠላት ቢኖር ከዚህ የተሻለ ቀን አይመርጥም።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ ብዙ አይተዋል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ሲገባ በግ የተዘረፈበትና የታረደበት ስንት ቤት አለ፤ እሳቸው መንጋቸውን ገደል ለገደል ነድተው ግማሹን አተረፉ። ካተረፉት መካከል የቦቃው ልጅ የሆነች አንዲት እናት በግ ነበረች። ዛሬ ለኤግዚቢሽን አምጡ የተባለው የእሷ ወንድ ልጅ ነው። ቦቃነቱ ከአያቱ ወርዶለታል፤ ቀንዱ ገና መጠምዘዝ እየጀመረ ነው አሉኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወደ አዲሶቹ አዘጋጆች ቢሮ ሄጄ ነበር። የውድድሩን የዳኝነት ቅጽ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። «ለጋዜጠኛ አይሰጥም» አሉኝ። «ለባለበጉስ?» አልኩ። «ሲመጣ ያየዋል» አሉኝ። ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቼ ቁጥር ተሰጥቶኛል። በጎቹ በአንድ ሚዛን ነው የሚወዳደሩት ወይስ በየዘራቸው? መመለሻውን ማን ይከፍላል? መልስ ከሰጡኝ በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ። እስከዚያው ለአጎቴ «ገመዱን አይፍቱት» ብያቸዋለሁ።